ማን አተረፈ?

አማርኛ አንዳንዴ ሳናስበው እውነቱን ያወጣዋል። «አተረፈ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ከጎርፍ ውስጥ ልጅ ያወጣውን ሰው «ነፍስ አተረፈ» እንለዋለን። በአሥር ብር ገዝቶ በመቶ የሸጠውንም «አተረፈ» እንለዋለን። ቃሉ አንድ ነው፤ ሰዎቹ ግን አንድ አይደሉም። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ሆን ብሎ ስለሚያደባልቅ አንድ ገበያ ነው።

ገበያው ከድሮ የመንገደኛ ባቡሮች የተነቀሉ መብራቶች የሚሸጡበት ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፣ በሽ በሽ ነው። የነሐስ የግድግዳ መብራት፣ ወተት የመሰለ መስታወት የለበሰ የኮርኒስ መብራት፣ ከምግብ ፉርጎ ጠረጴዛ ላይ የተነሳ አባዡር፣ ከመኝታ ፉርጎ አልጋ ራስጌ የተፈታች ትንሽ አምፖል። ሁሉም ተወልውለዋል፤ አዲስ ሽቦ ተስቦላቸው ለቤት ተዘጋጅተዋል። ሻጩም ከሥር ከመቅለጥ እንዳዳናቸው አድርጎ ይጽፋል። ገዢው ሳሎኑ ወይም ካፌው ውስጥ ይሰቅላቸውና ፎቶ ያነሳል። «ቪንቴጅ» ይባላል፣ ላይኩ ይጎርፋል፣ አለቀ።

መብራቶቹ ያምራሉ። እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ «አዳንነው» የሚለው ላይ ነው። ፉርጎው ቆሞ ሳለ መብራቱን የነቀለ ሰው «አተረፈ» የሚባለው በሁለተኛው ትርጉም ብቻ ነው። ይህ ደግሞ የሀብታም አገር ሰዎች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት። እኛም ቆመው የቀሩ ፉርጎዎች አሉን፤ እመጣበታለሁ።

ጫፉን ይዞ ግንዱን መጣል

መጀመሪያ የምንነቅለው ነገር ምን እንደሆነ እንወቅ። ባቡር ውስጥ ማብራት ቤት ውስጥ እንደማብራት አይደለም። ቤቱ ራሱ ይሮጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንፋስ ይገባዋል። በሻማ ዘመን ሻማውን ከሥር ሞላ ባለው ቱቦ ውስጥ ያስገቡት ነበር። ሻማው እየነደደ ባጠረ ቁጥር ሞላው ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነበልባሉ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። በዘይት መብራት ዘመን ደግሞ እንግሊዝ አገር ሠራተኞች ፉርጎው ጣሪያ ላይ ወጥተው እየሄዱ መብራቱን በቀዳዳ ወደ ውስጥ ይከትቱት ነበር።

ከዚያ ጋዝ መጣ። የበርሊኑ ዩልየስ ፒንች ከዘይት የሚወጣ ጋዝ አምቆ ከፉርጎው ወለል ሥር በተሰቀሉ ሲሊንደሮች ውስጥ የሚይዝበትን ዘዴ አወጣ፤ ዘዴው አውሮፓንም አሜሪካንም አዳረሰ። መንገደኛው ማታ ጋዜጣ ማንበብ ቻለ። ግን ከወንበሩ ሥር እሳት ጭኖ ነበር የሚጓዘው። ግንቦት 22 ቀን 1915 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላም ሌላ ካላልኩ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ስኮትላንድ ውስጥ ኩዊንቲንስሂል በሚባል ቦታ ባቡሮች ተጋጩ። ከመካከላቸው ወታደር የጫነ አንዱ ፉርጎዎቹ የእንጨት፣ መብራቱ የጋዝ ነበር። ከግጭቱ ይልቅ ቃጠሎው ከፋ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ አብዛኞቹ ወደ ጦር ግንባር የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ።

ኤሌክትሪክም ሲመጣ እንዲሁ በቀላሉ አልመጣም። የሚሮጥ ባቡር ላይ ከየት መስመር ይሳባል? መልሱ ራሱ ጎማው ሆነ። ፉርጎው ሲሄድ የሚሽከረከረው ዘንግ በቺንጋ ዲናሞ ያዞራል፤ ዲናሞው መብራቱን እያበራ ባትሪ ይሞላል፤ ባቡሩ ጣቢያ ሲቆም ባትሪው ይረከባል። ግን ባቡር አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያዘግማል፤ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይሄዳል። መብራቱ አንዴ ቦግ አንዴ ጭልም እንዳይል መሐንዲሶች ዓመታት ለፉ። አንዱ መላ ፍጥነቱ ሲበዛ ቺንጋው ራሱ እንዲንሸራተት ዲናሞውን አንጠልጥሎ መስቀል ነበር። አሜሪካ ውስጥ የተለመደው 32 ቮልት ነበር፤ ዛሬ ያ መብራት ሳሎን ውስጥ የሚበራው ሆድ ዕቃው ወጥቶ በሌላ ስለተተካ ነው።

እንግዲህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ቆንጆ ነሐስ የዚህ ሁሉ ጫፍ ናት። ግንዱ ከወለሉ ሥር ነው፤ ዲናሞው፣ የባትሪው ሳጥን፣ የቺንጋው ቦታ። ጫፉን ይዞ «ታሪኩን አዳንኩ» ማለት የመሶቡን ክዳን ይዞ እራት በላሁ እንደማለት ነው።

የማን መብራት ነበር?

ሁለተኛው ጉዳይ ይከፋል። መብራት ሲነቀል ከሽቦው ጋር አብሮ የሚበጠስ ነገር አለ፤ በሱ ብርሃን የኖሩት ሰዎች።

«የፑልማን መብራት» ሲባል ሻጩ የሚሸጥላችሁ ምቾትን ነው። ቬሉር ወንበር፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ፣ ቀስ ብሎ የሚያልፍ ሜዳ። የፑልማን ኩባንያ የመኝታ ፉርጎዎች በእርግጥም ምቹ ነበሩ። ያን ምቾት የሚሸከሙት ግን ጥቁር አሜሪካውያን የፉርጎ አስተናጋጆች ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ከባርነት ገና የወጡ ነበሩ። መንገደኛው ስማቸውን መጠየቅ አይፈልግም፤ በባለቤቱ በጆርጅ ፑልማን ስም ሁሉንም «ጆርጅ» ብሎ ይጠራቸዋል፣ የጌታን ስም ለባሪያ እንደመስጠት ማለት ነው። በወር እስከ 400 ሰዓት ይሠሩ ነበር። ሌሊት መንገደኛው ሲተኛ የሱን ጫማ ይወለውላሉ፤ የጫማ ቀለሙን የሚገዙት ከራሳቸው ኪስ ነው። ጥቂት ሰዓት የሚያሸልቡትም በማጨሻ ክፍሉ ሶፋ ላይ ነበር። በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት ማኅበር አቋቋሙ፤ ኩባንያው ውል የፈረመላቸው ከ12 ዓመት ትግል በኋላ በ1937 ነው።

አሁን ጥያቄዬ ይህ ነው። እዚያ ካፌ የተሰቀለው መብራት ከየትኛው ክፍል ነው የመጣው? ከባለጸጎቹ ክፍል ነው ወይስ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ ጫማ ከሚወለውልበት? ፉርጎው ውስጥ ሳለ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ቦታው ራሱ ይናገራል። ከተነቀለ በኋላ ሁለቱም እኩል ነሐስ ናቸው። ገበያው ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ነው። ሁሉም መብራት ከአንደኛ ማዕረግ የመጣ ይሆናል።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ተቃራኒውን በአካል ማየት ትችላላችሁ። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ውስጥ የሰዘርን ሬይልዌይ 1200 ቁጥር ፉርጎ ቆሟል። ሙሉ ፉርጎ ነው። በ2013 ሕንፃው ገና ሳይዘጋ በክሬን አወረዱት፤ ሙዚየሙን የሠሩት በዙሪያው ነው ማለት ይቻላል። ፉርጎው በዘር መለያየት ዘመን ለነጭና ለጥቁር የተከፈለ ነበር። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስትሄዱ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። በነጮቹ በኩል የሻንጣ መደርደሪያ አለ፣ በጥቁሮቹ በኩል የለም። በነጮቹ በኩል መጸዳጃው ሰፊ ነው፣ በዚህ በኩል ጠባብ። ግፉን የሚናገረው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ያን ፉርጎ አንድ ነጋዴ ቀድሞ አግኝቶት መደርደሪያውን ለአንዱ፣ መብራቱን ለሌላው፣ የበሩን እጀታ ለሦስተኛው ቢሸጠው ኖሮ እያንዳንዱ ዕቃ ይተርፍ ነበር፤ ምስክርነቱ ግን ይሞት ነበር።

«ባንነቅለው ይቀልጥ ነበር»

የሻጮቹ ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነው፣ ባዶም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሰዉ ወደ መኪናና አውሮፕላን ሲዞር የመንገደኛ ፉርጎዎች በብዛት ተቆራረጡ። የእንጨቶቹን ብረታቸውን ለማውጣት ሲሉ ያቃጥሏቸው ነበር። ፑልማን የመኝታ ፉርጎ አገልግሎቱን በ1968 መጨረሻ ላይ ዘጋ። በዚያ ዘመን ካቻቢቴ ይዞ ቆሻሻ መጣያው ድረስ የሄደ ሰው በእርግጥ አድኗል። ፉርጎው ከሞተ መብራቱ ቤት ማግኘቱ ደግ ነው። በዚህ ጉዳይ እጅ ለእጅ እንጨባበጣለን።

ግን ይህ መከራከሪያ የሚሠራው ለሞተ ፉርጎ ነው፤ ገበያው ደግሞ የሞተውን ካልሞተው አይለይም። እንዲያውም ያልሞተውን እንዲሞት ይገፋዋል። አስቡት፤ ሙሉ ፉርጎ ለማቆየት ሐዲድ ያስፈልጋል፣ ጣሪያ ያስፈልጋል፣ ዘበኛ ያስፈልጋል፣ በየዓመቱ ዝገት የሚጠርግ ሰው ያስፈልጋል። መብራት ግን ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ በፖስታ ይላካል። ስለዚህ ሙሉው ዕዳ ነው፣ ቁርጥራጩ ገንዘብ። መብራቱ ሲሄድ ፉርጎው «መብራት እንኳ የሌለው ቆርቆሮ» ይሆናል፤ ቀጥሎ ወንበሩ፣ ቀጥሎ መስኮቱ። መጨረሻ ላይ ማንም ለቆርቆሮ አያለቅስም። ከዚያ ሻጩ ተመልሶ «አየህ፣ ባላወጣው ኖሮ ይቀልጥ ነበር» ይላል። በሬውን ራሱ ገፍቶ ገደል ከጨመረ በኋላ «ሥጋው እንዳይባክን ብዬ ነው» የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሙሉውን ማዳን አይቻልም የሚለውም ውሸት ነው። በ1977 ሞንቴ ካርሎ ላይ የኦሪየንት ኤክስፕረስ ፉርጎዎች ለጨረታ ሲቀርቡ ጄምስ ሸርውድ የሚባል ነጋዴ ሁለት ገዛ፤ ሌሎችን አውሮፓ ለአውሮፓ እየፈለገ ሰበሰበ፤ በ1982 ባቡሩን መልሶ ሐዲድ ላይ አወጣው። አዎ፣ ቲኬቱ የኔና የእናንተ አቅም አይደለም። እሱም ነጋዴ ነው፣ አትርፏል። ልዩነቱ ግን መብራቱ ዛሬም ጠረጴዛው ላይ፣ ጠረጴዛው ፉርጎው ውስጥ፣ ፉርጎው ሐዲዱ ላይ መሆኑ ነው። ይህ ሰው በሁለቱም ትርጉም አተረፈ። ስለዚህ ጠቤ ከገንዘብ ጋር አይደለም።

የኛዎቹ ፉርጎዎች

አሁን ወደ ቤት። የጅቡቲ–አዲስ አበባ የምድር ባቡር ግንባታ ከጅቡቲ በ1897 ተጀመረ፤ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር፣ የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ። ድሬዳዋን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው። ከዚራን የቀየሰው እሱ ነው። «ለገሃር» የሚለውን ስም ከፈረንሳይኛ አምጥቶ አማርኛ ያደረገልንም እሱ ነው።

የዚህ ባቡር መብራት የራሱ ታሪክ አለው። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ ሦስት ቀን ይፈጅበታል፤ ሲመሽ ድሬዳዋ ያድራል፣ በማግስቱ አዋሽ ያድራል። የአዋሽ ጣቢያ ሆቴል፣ የለገሃሩ ቡፌ ደ ላ ጋር፣ ከዚህ ሕይወት የበቀሉ ናቸው። ማን ሆቴል አደረ? ማን ጣቢያው ላይ ኩታውን ተከናንቦ አነጋ? የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎ ምን ነበረው፣ ሦስተኛ ማዕረግ ምን አጣ? ነጋዴዋ ዕቃዋን የት ደበቀች፣ ፈታሹ በየትኛው በር ገባ? በጥር 1985 አዋሽ አቅራቢያ ባቡሩ ከሐዲድ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀበትስ ፉርጎ ውስጡ ምን ይመስል ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች በወረቀት ብቻ መመለስ አይቻልም። ፉርጎውን ገብቶ ማየት ይጠይቃል።

በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሐዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የድሮዎቹ ፉርጎዎች እዚያ ላይ መሄድ አይችሉም። ድሬዳዋ ጣቢያና ጋራዥ ውስጥ ቆመው የቀሩት እንደ ባቡር ሥራ የላቸውም ማለት ነው። እንግዲህ አደገኛው ሰዓት ይህ ነው። ሥራ የሌለው፣ ግን የሚያምር ዕቃ የተሸከመ ነገር ካቻቢቴ ይጠራል። ይህን የምጽፈው ማንንም ሌባ ለማለት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ወዲያው የሚመጣ ተቃውሞ አውቃለሁ። «እኛ አገር እኮ ምንም አይጣልም፤ ቆራሌው ምን ሊሆን ነው?» እውነት ነው፤ የአሮጌ ዕቃ ጌቶች እኛ ነን። ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ እዩ፤ የትናንት በርሜል የዛሬ ምድጃ ነው። ለቆራሌውም ለምናለሽ ተራ ቀጥቃጭም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ቆራሌው «ቅርስ አዳንኩ» አይልም። ብረቱን በብረትነቱ ይገዛል፣ በኪሎ ይመዝናል፣ በቃ። የቪንቴጅ ነጋዴ ግን የሚሸጠው ኪሎውን ሳይሆን ታሪኩን ነው፤ ታሪኩን ደግሞ ሲነቅለው ሰብሮታል። ከሁለቱ ታማኙ ቆራሌው ነው።

ሕጉስ? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስን ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍላል። ፉርጎ ለዚህ ክፍፍል ፈተና ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲሮጥ ኖሮ ዛሬ ቆሟል፤ መብራቱ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ በብሎን ተይዞ ኖሮ ዛሬ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ፉርጎው ከነሙሉ ዕቃው እንደ አንድ ቅርስ ካልተመዘገበ በመዝገብ ላይ ሳይጎድል በአካል ሊያልቅ ይችላል። «አንድ ፉርጎ» ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ፉርጎም አለ፤ ውስጡ ግን ባዶ።

አንበሳው ምን ጎደለው?

«ዕቃው ካለ ምን ችግር አለው፣ የትም ይሁን» ለሚል ሰው ለገሃር ፊት ለፊት ያለውን አንበሳ አሳዩት። የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በ1930 ለንግሥ በዓሉ ቆመ፤ ፋሺስቶቹ ነቅለው ሮም ወሰዱት፤ እዚያም ተርሚኒ ከሚባለው ዋናው የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ዶጋሊ ላይ ለሞቱባቸው ወታደሮች በተሠራው ሐውልት ሥር አቆሙት። የተመለሰው በ1960ዎቹ ነው። ዘረፋና ንግድ አንድ አይደሉም፤ አላመሳስልም። ግን እስቲ አስቡት፤ አንበሳው ሮም ሳለ ነሐሱ አልጎደለም። ከባቡር ጣቢያ ወደ ባቡር ጣቢያ ነው የሄደው። ታዲያ አያቶቻችን ለምን ይመለስ አሉ? ቦታው ትርጉሙ ስለሆነ ነው። እዚህ የንግሥና ምልክት የነበረው እዚያ የድል ምርኮ ሆነ። አንድ ነሐስ፣ ሁለት ቦታ፣ ሁለት ትርጉም። ይህን ለአንበሳ የተረዳ ሕዝብ ለመብራት ለመረዳት አይከብደውም።

እና ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ፉርጎዎቹን በኃላፊነት የያዘው አካል ከማንኛውም ጥገና፣ ዕድሳት ወይም ሽያጭ በፊት እያንዳንዱን ፉርጎ ከነመብራቱ፣ ከነወንበሩ፣ ከነበር እጀታው ቆጥሮ በፎቶ ይመዝግብ። ለዚህ ቢሊዮን ብር አያስፈልግም፤ ስልክ፣ ደብተርና የሁለት ወር ትዕግሥት ይበቃል። በግድ መውጣት ያለበት ዕቃ ካለም የፉርጎው ቁጥር፣ ማዕረጉና የነበረበት ቦታ ተጽፎበት ይውጣ።

ካፌ የምትከፍቱ ልጆች፣ የድሮ ባቡር መልክ ካማራችሁ ምናለሽ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ አዲስ አሠሩ። እጃቸው የሚያምር ቀጥቃጮች አሉን። አዲስ የተሠራ መብራት ማንንም አይሰርቅም፤ እንጀራም ያበላል።

ድሬዳዋ የምትሄዱ ደግሞ ፉርጎው ፊት ቆማችሁ ሰልፊ ስታነሱ ካሜራውን አንዴ ወደ ውስጥ አዙሩት፤ ኮርኒሱን፣ ግድግዳውን፣ የፉርጎውን ቁጥር አንሱ። ያ ፎቶ ነገ ማስረጃ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው «ኦሪጅናል የጅቡቲ ባቡር መብራት» ብሎ ቢለጥፍ፣ እናንተ ከሥር ዋጋውን አትጠይቁት። ከየትኛው ፉርጎ ነው፣ ፉርጎውስ አሁን የት ነው በሉት። መልስ ካለው ደግ፤ ከሌለው ማን እንዳተረፈ ታውቃላችሁ።